ለቦታ ጥያቄ የጻፍነው ማመልከቻ «በግልጽ ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ፤ እንዴት አድርገን እንጻፈው?

የማኅበር ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ የተደራጀን የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ነን። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምናራግፍበትና በረዶ የምናስቀምጥበት ቦታ እንዲሰጠን፣ መብራትም እንዲገባልን አራት ገጽ ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ዳሩ ላይ «በግልጽ ይቅረብ» ተብሎ ተጽፎበት ተመለሰ። የትኛው ክፍል እንዳልገባቸው የነገረን የለም። ጥያቄዬ ሁለት ነው፦ ምኑ ነው ግልጽ ያልሆነው? ግልጽ ከሆነ በኋላስ አንባቢው «እውነታቸውን ነው፣ ይሰጣቸው» እንዲል ምን ይጨመር፣ ምን ይቀነስ? የመጀመሪያው አንቀጽ እንዳለ ይኸውላችሁ፦

«እንደሚታወቀው ጣና ሐይቅ የዓባይ ምንጭ ከመሆኑም ባሻገር ለክልላችን ብሎም ለአገራችን ከፍተኛ ኢኮኖሚያዊና ማኅበራዊ ጠቀሜታ ያለው ሲሆን ከዚህ ጋር ተያይዞ ማኅበራችን በዘርፉ ተደራጅቶ የሥራ ዕድል ከመፍጠር አንጻር የበኩሉን አስተዋጽኦ እያደረገ የሚገኝ ቢሆንም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በእምቦጭ አረምና በተለያዩ ምክንያቶች እንዲሁም የማቆያ ቦታ ካለመኖሩ ጋር በተያያዘ በምርት ብክነት ዙሪያ ከፍተኛ ችግር የሚስተዋል በመሆኑ ይህንን ክፍተት ለመሙላት ይቻል ዘንድ የሚመለከተው አካል አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልን የማድረግ ሥራ ይሠራልን ዘንድ በታላቅ ትህትና እንጠይቃለን።»

ቀይ እስክሪብቶ፦
ሰላም ወንድሜ። ወደ አንቀጹ ከመግባታችን በፊት ደብዳቤው በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ አስቡ። መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል። እዚያ የሚነበበው «ጉዳዩ» የሚለው መስመር ነው፤ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ በእሱ ይታወቃል። ቀጥሎ ከሌሎች ፋይሎች ጋር ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው የመጀመሪያውን አንቀጽ ያያል፤ ዳሩ ላይ «አጣርተህ አቅርብ» ወይም «በመመሪያው መሠረት ይስተናገዱ» ብሎ ለባለሙያ ይመራዋል። ከራስጌ እስከ ግርጌ የሚያነበው ባለሙያው ብቻ ነው። ባለሙያው አንብቦ ለኃላፊው የውሳኔ ሐሳብ ይጽፋል። ማመልከቻችሁ እንግዲህ ለዚያ የውሳኔ ሐሳብ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ቀጥታ ገልብጦ «አመልካቾቹ ይህን ይጠይቃሉ፣ ምክንያታቸው ይህ ነው፣ ማስረጃቸው ይህ ነው» ብሎ ሊያሰፍራቸው የሚችላቸው አራት አምስት ዓረፍተ ነገሮች ካገኘ ጉዳያችሁ ይንቀሳቀሳል። ካላገኘ የራሱን ቃል ፈጥሮ በእናንተ ስም መጻፍ ይፈራል፤ ይመልሰዋል። ግልጽነት የምንለው እዚህ ጋ ይህንኑ ነው፦ ዓረፍተ ነገራችሁ ሳይተረጎም ወደ ሌላ ሰው ወረቀት መሻገር ይችላል ወይ?

አሁን አንቀጹን እንየው። 68 ቃላት አሉት፣ አራት ነጥቡ አንድ ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ (ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ) መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው «እንጠይቃለን» እስኪደርስ ድረስ ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚጓዘው። መሐል ላይ «ሲሆን»፣ «ቢሆንም»፣ «በመሆኑ»፣ «ይቻል ዘንድ»፣ «ይሠራልን ዘንድ» እያለ አምስት ጊዜ ሊያርፍ ሲል ይገፋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ከ68ቱ ቃላት ውስጥ «ቦታ ይሰጠን» የሚል አለመኖሩ ነው። «የማቆያ ቦታ» የሚለው የመጣው እንደ ችግር ምክንያት እንጂ እንደ ጥያቄ አይደለም። የጠየቃችሁት «አስፈላጊው ትብብር» ነው። ባለሙያው ምን ብሎ ይጻፍ?

ሁለተኛ፣ «የሚመለከተው አካል» ማን ነው? ደብዳቤው የተጻፈለት መሥሪያ ቤት ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ቢሮውን «እናንተ» ወይም «ጽሕፈት ቤቱ» ብላችሁ ጥሩት። አካሉ «እንዲደረግልን የማድረግ ሥራ ይሠራልን» የሚለውም ሰዋስው ላይ ይሰበራል፤ ማን እንደሚያደርግ ጠፍቷል። ግስ ሲሸሽ ባለቤትም አብሮ ይሸሻል። «የማጣራት ሥራ ተሠራ» ከማለት «አጣራን»፣ «ግንባታ እናካሂዳለን» ከማለት «እንገነባለን» በሉ። አንድ ወይም ሁለት ቃል ይቀንሳል፣ ማን ምን እንዳደረገም ይታያል።

የሚወጡትን ላውጣቸው። «እንደሚታወቀው» የሚታወቅ ከሆነ መጻፍ የለበትም። «ከዚህ ጋር ተያይዞ»፣ «ከ… አንጻር»፣ «በ… ዙሪያ»፣ «በተለያዩ ምክንያቶች»፣ «ክፍተት»፣ «የሚስተዋል» ሲወጡ የሚጎድል ትርጉም የለም። «ከፍተኛ» ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ በሁለቱም ቦታ ወይ ቁጥር ይግባ ወይ ይውጣ።

ሌላው፣ አንድ ማመልከቻ አንድ ጥያቄ ይያዝ። ቦታ የሚሰጠውና መብራት የሚያስገባው መሥሪያ ቤት የተለያየ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠይቁ ባለሙያው «መብራቱ እኛን አይመለከትም» የሚል ምክንያት አገኘ ማለት ነው፤ ከመብራቱ ጋር ቦታውም ይመለሳል። የመብራቱን ማመልከቻ የቦታውን ውሳኔ አባሪ አድርጋችሁ በኋላ አስገቡ።

እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የእናንተን ተኩባቸው።

«ጉዳዩ፡- ለዓሣ ማራገፊያና ለበረዶ ማቆያ የሚውል 200 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

ማኅበራችን ዓሣ የሚያራግፍበትና በረዶ የሚያስቀምጥበት 200 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጠው ይጠይቃል። የጠየቅነው ቦታ በአባሪ 3 ንድፍ ላይ «ሀ» ተብሎ ተመልክቷል። 40 አባላት አሉን፤ በቀን በአማካይ 300 ኪሎ ዓሣ እናወጣለን። ማቆያ ስለሌለን ከዚህ ውስጥ 45 ኪሎ ያህሉ በየቀኑ ተበላሽቶ ይጣላል (አባሪ 4)። ቦታው ከተሰጠን መጠለያውን፣ የበረዶ ሣጥኖቹንና የፍሳሽ ጉድጓዱን በራሳችን ወጪ እንሠራለን።»

ኃላፊው እዚህ ላይ ቢያቆም እንኳ ማን፣ ምን፣ የት፣ ለምን፣ በማን ወጪ የሚለውን አውቋል። ከዚህ በኋላ ያለው ማስረጃ ነው፤ በጠቅላላው ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። አራቱ ገጽ የተሞላው በጣና ታሪክና በምስጋና ከሆነ ሳትሳሱ አውጡት።

ከዳርቻው፦
ቀይ እስክሪብቶ ስለ ቋንቋው ብሏል። እኔ ማሳመኑ ላይ ልምጣ፤ ባለሙያን የሚያሳምነው የቁጥሩ አወጣጥ ነው።

«45 ኪሎ ይጣላል» የሚል ሰው «እንዴት አወቃችሁ?» መባሉ አይቀርም። ስለዚህ መዝገብ ያዙ። አንድ ደብተር፣ በየቀኑ አንድ መስመር፦ ቀን፣ ዓሣው የደረሰበት ሰዓት፣ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ኪሎ፣ የአምባዛ ኪሎ፣ የነጭ ዓሣ ኪሎ፣ በሙሉ ዋጋ የተሸጠ፣ ዋጋ ተቀንሶ የተሸጠ፣ የተጣለ። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አትቀላቅሉ። ዋጋው የወረደና የተጣለ ዓሣ ሁለቱም ኪሳራ ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። አንድ ላይ ደምራችሁ «ተበላሸ» ካላችሁ ገበያውን የሚያውቅ ባለሙያ ወዲያው ይይዛችኋል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውንም ቁጥር አያምንም።

የትኛውን ወር መዘገባችሁ የሚለውም ያስጠይቃል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ገበያ ይደራል፤ ያን ወር ብቻ ከወሰዳችሁ የሚጣለው ትንሽ ይመስላል። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ብቻ ከወሰዳችሁ ደግሞ ተጋንኖ ይታያል። አንድ የጾም፣ አንድ የፍስክ ወር ውሰዱና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዝቅተኛውንም ቁጥር ሳትደብቁ ማሳየታችሁ ከፍተኛው እንዲታመን ያደርጋል።

ከቁጥሩ ወደ ብር የሚወስደውን መንገድ ደግሞ በግልጽ አሳዩ። በምሳሌው ብንሄድ፦ 45 ኪሎ በ200 ብር ሲባዛ በቀን 9,000 ብር፤ በ25 የሥራ ቀን 225,000 ብር በወር። አንባቢው ራሱ በስልኩ አባዝቶ እዚያው ቁጥር ላይ መድረስ አለበት። «በሚሊዮን የሚቆጠር ብር እያጣን ነው» ብትሉት ግን የሚያባዛው ነገር የለውም።

200 ካሬ ሜትሩንም ሸንሽኑት። ደርዝ የሌለው ክብ ቁጥር ሲቀርብ ኃላፊው በግማሽ ይቆርጠዋል፤ ገበያ ላይ ለድርድር እንደሚጠሩት ዋጋ ያየዋል። «ማራገፊያና መመዘኛ 60፣ በረዶ ማቆያ 40፣ ዓሣ ማጠቢያና መበለቻ 30፣ የጋሪና የባጃጅ መቆሚያ 50፣ የተረፈ ምርትና የፍሳሽ ቦታ 20» ካላችሁት ግን የትኛውን እንደሚቀንስ መምረጥ ይኖርበታል። በረዶውም እንዲሁ። በሞቃት አካባቢ የሚሠራበት ልክ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ነው፤ ስለዚህ 300 ኪሎ ዓሣ 300 ኪሎ ገደማ በረዶ ይፈልጋል። 40 ካሬ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ ይነሣል። በረዶ ሳይደረግበት በሙቀት የዋለ ዓሣ በአንድ ቀን ውስጥ እንደሚበላሽ፣ በረዶ ውስጥ በወጉ የተቀበረ ግን ከሳምንት በላይ እንደሚቆይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። የማቆያው ጥቅም በእሱ ግልጽ ይሆናል።

ስለ እምቦጭ የጻፋችሁትን አውጡት፣ ወይም አጥሩት። አረሙ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በብዛት የተስፋፋው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። መረባችሁን የምትጥሉት እዚያ ከሆነ ወረዳውን ጥሩና ምን እንደደረሰ ተናገሩ። ካልሆነ ግን የማቆያ ቦታ እጦት ከአረሙ ጋር ምን እንዳገናኘው ባለሙያው አይገባውም። ማቆያ ቢሠራ እምቦጭ አይቀንስም። ቦታው የሚያቃልለው ችግር ብቻ ይጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው። የሐይቅ ዳር ቦታ ስትጠይቁ ኃላፊው በልቡ የሚይዘው ፍርሃት አለ፦ ፍሳሹ ወደ ጣና ቢገባስ? ነገ ሌላው ማኅበር እኔም ልቀበል ቢልስ? እናንተ ካላነሣችሁት እሱ አያነሣላችሁም፤ ዝም ብሎ ያቆየዋል። ስለዚህ ቀድማችሁ መልሱት። ቆሮሶ ሲበለት ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ከክብደቱ ሲሶ ያህሉ ነው፤ እዚያው የምትበልቱ ከሆነ በቀን ከወጣው ዓሣ አብዛኛው አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የት እንደምታስገቡት በኪሎና በቦታ ጻፉ፦ ጉድጓዱ ስንት በስንት ነው፣ ከውኃው በስንት ሜትር ይርቃል፣ ማን በስንት ቀን ይጠርገዋል። ከዳርቻው መራቅ የሚገባውን ርቀት ከአካባቢ ጥበቃ ክፍሉ አስቀድማችሁ ጠይቁና የነገሯችሁን ልክ ንድፉ ላይ አስፍሩት።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ለማድመቂያ መጥቀስ ምንም አይረዳችሁም። የሚረዳችሁ እንዲህ ቢሆን ነው፦ ጥብቅ ስፍራው ዋና ቀጠና (ሳይነካ የሚጠበቀው)፣ መከላከያ ቀጠናና የልማት ቀጠና ተብሎ ይከፈላል፤ የጠየቃችሁት ቦታ የትኛው ውስጥ እንደሚያርፍ አረጋግጣችሁ ጻፉ። ዋና ቀጠና ውስጥ ከሆነ ቦታውን አሁኑኑ ቀይሩ፤ ምንም ያህል ቢጻፍ አይሆንም።

የቢሮ ሰው፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ላይ ግን ልለይ። ቀይ እስክሪብቶ በጻፈው አንቀጽ ላይ ማኅበሩ ማን እንደሆነ አልተነገረም። መሥሪያ ቤቱ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው (በሕግ ካልተመዘገበ) ማኅበር ጥያቄ አይቀበልም፤ ባለሙያው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ሐረግ ጨምሩ፦ «በ… ዓ.ም. በምዝገባ ቁጥር … የተደራጀው ማኅበራችን…»። ከዚያ በላይ የኋላ ታሪክ አያስፈልግም።

ስለ ትህትናው ደግሞ። ቢሮ ውስጥ አክብሮት የሚጠበቅ ነገር ነው፤ «ስጡን» ብሎ መዝጋት ያስቆጣል። ግን አንዴ ይበቃል፣ ቦታውም መጨረሻው ነው፦ «ጥያቄያችን ታይቶ ውሳኔ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን»። በየአንቀጹ «በታላቅ ትህትና»፣ «እንደ እናትና አባት»፣ «እግራችሁ ላይ ወድቀን» ሲበዛ የልመና ደብዳቤ ይመስላል። እናንተ መብታችሁን በሕጉ መሠረት ነው የምትጠይቁት። ሕግ ስትጠቅሱም «በሕጉ መሠረት» ብቻ አትበሉ። ለምሳሌ የፌዴራሉን የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 የምትጠቅሱ ከሆነ አንቀጹን ከፍታችሁ አንብቡ፤ ጉዳያችሁን የሚነካው የትኛው እንደሆነ ቁጥሩን ጻፉ። የክልሉንም እንዲሁ። ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ። ባለሙያው ይከፍተዋል።

ቅጣትና ዛቻም አይግባ። «ካልተሰጠን ለበላይ አካል አቤት እንላለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ማመልከቻ ላይ ቦታ የለውም። ገና እምቢ ያላችሁ የለም።

የማኅበር ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። የምዝገባ ደብተሩን ነገ እንጀምራለን፤ ማመልከቻው የሚገባው እሱ ሲያልቅ ነው። በተባለው መሠረት ሁለተኛውን አንቀጽ አሳጥሬ ጻፍኩት፤ እስቲ እዩልኝ፦

«የማኅበሩ ሰብሳቢ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ጋር ተነጋግረው ቦታው ክፍት መሆኑን ገልጸዋል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት የሚደርሰው ዓሣ በ2018 እንደመዘገብነው በብዛት ይበላሻል። ማቆያው ሲሠራ ለአባላት በረዶ በቅድሚያ ይሰጣል፤ አባል ላልሆኑ አስጋሪዎች በክፍያ ይሰጣል። የማኅበሩ የአባላት የመዋጮ የባንክ ሒሳብ የሦስት ወር ማስረጃ ተያይዟል።»

ቀይ እስክሪብቶ፦
አጥሯል፣ በጣም ተሻሽሏል። አሁን የቀሩት ሰው ሁለት ዓይነት ሊያነባቸው የሚችላቸው ቦታዎች ናቸው። ከረጅም ዓረፍተ ነገር ይልቅ እነዚህ ያጣላሉ፤ አንባቢው የገባው መስሎት ያልፋቸዋል።

«ገልጸዋል» ያሉት ማን ናቸው? በአማርኛ የአክብሮቱና የብዙ ቁጥሩ ግስ አንድ ነው። ሰብሳቢው ብቻቸውን ናቸው? ባለሙያው ናቸው? ሁለቱም ናቸው? ቦታው ክፍት መሆኑን የተናገሩት የመንግሥት ባለሙያ ከሆኑ ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ሰብሳቢው ከሆኑ ግን ማስረጃ አይደለም። ባለቤቱን ከግሱ አጠገብ አምጡት፦ «የማኅበሩ ሰብሳቢ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀዋል፤ ባለሙያው ቦታው ክፍት መሆኑን በቃል ነግረዋቸዋል»። «በቃል» የሚለውን አትዝለሉ። በጽሑፍ ያልተሰጠን ነገር በጽሑፍ እንደተሰጠ ማስመሰል ባለሙያውንም ችግር ውስጥ ይከታል።

«ከ3 እስከ 5 ሰዓት» የጠዋት ነው የማታ? ዓሣ በሁለቱም ሰዓት ሊደርስ ይችላል። «ከጠዋቱ» ብላችሁ ጨምሩ። «በ2018» ደግሞ ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ይህ ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር ስሜት የሚሰጥ ስለሆነ የግድ ነው፤ በእ.ኤ.አ. ያነበበው ሰው ያረጀ መረጃ ነው ብሎ ይጥለዋል። ወሩንም ጻፉ።

«ይሰጣል» የሚለውን ጮክ ብላችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት፣ አንዴ አላልታችሁ አንዴ አጥብቃችሁ። ሲላላ ሰጪ አለ፣ ሲጠብቅ ሰጪው አልታወቀም። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። በረዶውን የሚሰጠው ማኅበሩ ነው፣ መንግሥት ነው፣ ማቆያውን የሚከራይ ነጋዴ ነው? «ይመታል»፣ «ይበላል» የመሳሰሉትም ይህ አላቸው። መፍትሔው ባለቤቱን መጻፍና ልዩነቱ በፊደል የሚታይ ግስ መምረጥ ነው፦ «ማኅበሩ በረዶውን ለአባላቱ በቅድሚያ ያቀርባል፤ አባል ላልሆኑ አስጋሪዎች በክፍያ ይሸጣል»። እዚህም «ይሸጣል» ላይ ያው ችግር አለ፤ ግን «ማኅበሩ» ከፊት ስላለና «ያቀርባል» መንገዱን ስላስያዘ አይስትም። ይህ ዓረፍተ ነገር በነገራችን ላይ ከማመልከቻው ሁሉ ጠንካራው ነው። ቦታው ለ40 ሰው ብቻ ሳይሆን ለሌሎች አስጋሪዎችም እንደሚጠቅም ይናገራል፤ «ሌላው ማኅበር ነገ ቢጠይቀኝስ» ለሚለው ስጋት መልሱ እሱ ነው። ከአንቀጹ መሐል አውጡትና ለብቻው ራሱን የቻለ አንቀጽ አድርጉት። የክፍያውን ልክም ጻፉበት፣ አለበለዚያ «በክፍያ» የሚለው ነጋዴ ያስመስላችኋል።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ «የ» አራት ጊዜ ተደራርቧል፤ «የሦስት ወር» ሲጨመር አምስት። ሁለት «የ» ካለፈ አፍርሱት፦ «አባላት በሦስት ወር ያዋጡት ገንዘብ በባንክ ማስረጃው ላይ ይታያል (አባሪ 5)»።

መፈተሻም ልጨምር። ከየዓረፍተ ነገሩ ባለቤቱንና ማሰሪያ አንቀጹን ብቻ አስምሩና እነሱን ብቻ አንብቡ፦ «ማኅበራችን ይጠይቃል»፣ «ዓሣው ይጣላል»፣ «እኛ እንሠራለን»። ጉዳዩ ከዚህ ብቻ ከተገለጠ ተዋቅሯል። ከዚያ ስለ ዓሣ ምንም የማያውቅ ሰው አንዴ ያንብበውና ወረቀቱን አስቀምጦ «የምትፈልጉት ይህን ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገራችሁ። ቢሳሳት አታስረዱት፤ የሳተበትን ቦታ አርሙት። ቢሮው ውስጥ አጠገቡ ቆማችሁ የምታስረዱት ሰው የለም።

ከዳርቻው፦
አንድ ትንሽ ነገር፣ ግን ብዙ ሰው የሚያመላልስ። የማኅበሩን ስም በምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ። ምስክር ወረቀቱ ላይ «አሳ» ከሆነ ማመልከቻው ላይ «ዓሣ» አትበሉ፤ «ማህበር» ከሆነ «ማኅበር» አትበሉ። ትክክለኛው የትኛው ነው የሚለው ክርክር ለሌላ ጊዜ ይሁን። ኮምፒውተር ላይ ሲፈለግ «አሳ» ብሎ የጻፈ «ዓሣ»ን አያገኝም፤ ማህተሙና ስሙ ሲለያዩ ደግሞ ባንኩም ቢሮውም አይቀበልም። ከስሙ ውጭ ባለው ጽሑፍ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻ በዚያው ሂዱ።

የማኅበር ጸሐፊ፦
ስሙን አሁን አየሁት፤ ምስክር ወረቀቱ ላይ «አሳ» ነው የሚለው። እናስተካክላለን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግልባጭ ለእነማን እናድርግ? ለክልል፣ ለከተማ አስተዳደር፣ ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለዓሣ ሀብት ሁሉ ብናደርግ ጫና አይፈጥርም?

የቢሮ ሰው፦
ተቃራኒውን ነው የሚፈጥረው። አምስት ቦታ ግልባጭ ያለው ደብዳቤ ሲደርስ ኃላፊው «ሌላው ይወስን» ይላል፣ ወይም እንደከሰሳችሁት ይቆጥረዋል። ግልባጩ አስተያየቱ የግድ ለሚያስፈልግ ክፍል ብቻ ይሁን፤ በእናንተ ጉዳይ ለአካባቢ ጥበቃው ይበቃል። እሱም ቢሆን ከማስገባታችሁ በፊት ያነጋገራችሁት መሆን አለበት።

አባሪዎቹን ቁጥር ስጧቸውና በጽሑፉ ውስጥ በተጠሩበት ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። ምስክር ወረቀት፣ የአባላት ስምና ፊርማ፣ የቦታው ንድፍ፣ የሁለት ወሩ መዝገብ፣ የባንክ ማስረጃ፤ ለመጠለያውና ለበረዶ ሣጥኖቹ ፕሮፎርማ ካላችሁ ስድስተኛ ይሁን። በጽሑፉ ውስጥ ያልተጠራ አባሪ አታያይዙ፤ ገጹን ያበዛል እንጂ የሚያነበው የለም። መዝገቡ ብዙ ገጽ ከሆነ ፊት ላይ የድምሩን ሠንጠረዥ አንድ ገጽ አድርጉት፣ ዋናው ደብተር ሲጠየቅ እንደሚቀርብ ጻፉ።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ይቀበላል፤ ሁለተኛው ላይ የገባበት ቀን፣ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመቱ። በኋላ ስትጠይቁ «ማመልከቻ አስገብተን ነበር» ሳይሆን ቁጥሩንና ቀኑን ተናገሩ፤ ለየትኛው ባለሙያ እንደተመራ መዝገብ ቤቱ ያን ጊዜ ይነግራችኋል። ባለሙያውን ስታገኙትም «ጉዳያችን የት ደረሰ» ከማለት «የጎደለ ማስረጃ አለ ወይ» ብላችሁ ጠይቁት። አለ ካለ የጠየቀውን ብቻ፣ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ፣ በግማሽ ገጽ አስገቡ።